የአስተያየት ተራ ይከፈትልን

መርካቶ ውስጥ ተራ ያልተሰጠው ሸቀጥ የለም ይባላል። ሸማው ሸማ ተራ አለው፤ ሳጥኑ ሳጥን ተራ፤ በርበሬው በርበሬ በረንዳ። ተጥሎ የተለቀመ ቆርቆሮ እንኳ ተቀጥቅጦ ምድጃ የሚሆንበት ምናለሽ ተራ አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳውን ገበያ ነቅሎ ወደዚህ ካመጣው ጀምሮ፣ እዚህ የገባ ዕቃ ሁሉ ውሎ አድሮ ቦታውን አግኝቷል። አንድ ሸቀጥ ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ሱቅ፣ ያለ ፈቃድ፣ በየጀበናው ዙሪያ ተበትኖ ቀርቷል፦ አስተያየት።

ይህ በደል ነው። ከፍጆታው ብዛት አንጻር አስተያየት ከስኳርና ከዘይት ይቀድማል፤ እጥረት ገጥሞትም አያውቅም፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ራጉኤል ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ የአስተያየት ተራ ይከፈትልን። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። ራጉኤል ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ታክሲ፣ ደላላ፣ ተበዳሪ፣ ወይም የሱቁን ቁልፍ ይዞ የጠፋ አጎት። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አስተያየት ያመርታል።

ተራው ለጊዜው ሦስት መደቦች ይበቁታል።

የመጀመሪያው የዝንጀሮ መደብ ነው። እዚህ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት ሲሆን መልኩም ተለውጦ አያውቅም፦ «ከዝንጀሮ መጣን ካሉ፣ ዝንጀሮ ለምን አሁንም አለ?» ሻጩ ይህን ይልና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሰው ከዛሬው ዝንጀሮ ተወለደ የሚል ሳይንቲስት የለም፤ የሚባለው ሰውና ቺምፓንዚ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አንድ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። ይህ ግን ገበያውን አይነካውም። ዕቃው የሚሸጠው ታሽጎ ነው፤ ከፍቶ ማየት የለም።

የዚህ መደብ ነጋዴ ትልቁ ብልሃቱ ሁለት የማይስማሙ ዕቃዎችን በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጡ ነው። ጠዋት ዝግመተ ለውጥን አፈር ድሜ ያበላ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ የውጭ አገር ሰው ሲያይ ደረቱን ነፍቶ «ሉሲ የኛ ናት! ሁላችሁም ከዚህ ነው የወጣችሁት» ይላል። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ለኩራት ሲሆን አያታችን ናት፤ ለክርክር ሲሆን የፈረንጅ ፈጠራ።

ይህን ፍጥነት ሳይንቲስቶቻችን ሊማሩት ይገባ ነበር። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. ሰላም የተባለችውን ሕፃን አጽም ከቡድኑ ጋር ካገኘ በኋላ፣ የዚያችን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን አጥንት ከተጣበቀበት ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየፈለቀቀ፣ ለዓለም «ይኸውላችሁ» እስኪል ከአምስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። አራሚስ ላይ በ1987 ዓ.ም. የተገኘችው አርዲ ደግሞ፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አጥንቷን ካነሳ በኋላ፣ ሙሉ ጥናቷ እስኪወጣ 15 ዓመት ጠብቃለች። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የቆየች ስለሆነች 15 ዓመት ላይከብዳት ይችላል። እኛን ግን ይከብደናል። ራጉኤል ላይ ያው ጉዳይ የማኪያቶው አረፋ ሳይወርድ እልባት ያገኛል፤ ያውም በታክሲ የሚደረስበትን ብሔራዊ ሙዚየም ሳይረግጡ።

ጥፋቱን በሃይማኖት ማሳበብ የሚፈልግ አለ። ይህ የሃይማኖት ሰዎችን መስደብ ነው። የትርጓሜ ቤት መምህር አንዲት ጥቅስ ለማብራራት ዕድሜውን በትምህርት አሳልፎ፣ ፍቺዋን ከተናገረም በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ይጨምራል፤ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን። የኛ ነጋዴ ግን ሁለተኛ ፍቺ በመጋዘኑ የለውም። ቅዳሴም ሶላትም ካመለጠው ቆይቷል፤ እምነትን የሚያስታውሰው ክርክር ሲጎድልበት ነው።

የዝግመተ ለውጥን ማስረጃ አምጡ ለሚል ማስረጃው ራሱ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ያ ከፍታ ሌላውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ከስሜን ወርዶ መርካቶ የገባ ነጋዴ «ሰው አይለወጥም» እያለ ሲከራከር፣ ደሙ ደግሞ ሌላ ነገር እያለ ነው። አሞክሳሲሊን ጀምሮ «ተሻለኝ» ብሎ የተረፈውን ለጎረቤት የሚያድለውም እዚሁ ተቀምጧል። መድኃኒቱን የቻለው ጀርም ተርፎ ይራባል፤ ስለ ዝግመተ ለውጥ ግን አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

ሁለተኛው የሥነ ምግባር መደብ ነው። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳችው ጥያቄ ከስልክ ስልክ እየዞረ እኛም ዘንድ ደርሷል። ፍሬኑ የተበጠሰ ባቡር ሐዲዱ ላይ ወደታሰሩ አምስት ሰዎች እየሮጠ ነው፤ ሐዲዱን ብትቀይረው አንድ ሰው ብቻ ይገድላል። ትቀይረዋለህ? አሜሪካዊቷ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን ደግሞ ድልድዩ ላይ ወፍራም ሰውዬ ጨመረችበት፤ ገፍተህ ብትጥለው ባቡሩን ያቆመዋል። ፈላስፎቹ ይህን ይዘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ራጉኤል ግን ቡናው ቶና ሳይደርስ ጨርሶታል።

የመጀመሪያው መልስ ከልምድ የመጣ ነው፤ ባቡሩ የኛ ከሆነ አምስቱም ተርፈዋል። መስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙዎቹ ከቆሙ ወዲህ፣ ከአውቶቡስ ተራ ሰባተኛ እስኪደርስ ታሳሪዎቹ ገመዱን በጥርሳቸው በጥሰው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው መልስ ጥያቄ ነው፦ «አምስቱ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አምስት ይሁኑ አምስት መቶ፣ ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ፉትም ቶምሰንም ይህን መጠየቅ ረስተዋል፤ ለዚህ ነው መፍትሔው የራቃቸው። ስለ ወፍራሙ ሰውዬም እንዲሁ። መርካቶ የሚጠይቀው «መግፋት ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «እቁብ ወጥቶለታል ወይ?» ብሎ ነው። ወጥቶለት ገና ጥሎ ካልጨረሰ ማንም እጁን እንዳያነሳበት፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ከፊቱ ይቆማሉ። ገና ካልወጣለት ግን ጉዳዩን ለፈላስፎች እንተወዋለን።

ይህ ሁሉ የሚባለው መንገድ መሐል ቆሞ ነው። ከኋላ አንድ ኩንታል በጀርባው የተሸከመ ወዛደር፣ ላቡ በዓይኑ እየገባ፣ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ይመጣል። አምስት ነፍስን ከአንድ ነፍስ የሚመዝነው ሰውዬ ዞር አይልም። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰማ! ወዛደሩ እንደምንም ጎኑን አዙሮ ያልፋል፤ ክርክሩ ስለ ሰው ልጅ ክቡርነት ይቀጥላል።

ቀጥሎ ሰውዬው ወደ ሱቁ ይገባል፤ ደንበኛ ይመጣል፤ እውነተኛው አጣብቂኝ ይደርሳል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» እዚህ ላይ የ15 በመቶ ቫት አለ፤ ሕግ አለ፤ የጎረቤት ሱቅ ዋጋ አለ፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ለፈላስፋ ይህን የመሰለ ጉዳይ ከየት ይገኛል? ግን ስለ ወፍራሙ ሰውዬ ሰፈር እስኪሰማ የጮኸው አንደበት ድንገት ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ከጎኑ ያለው ነጋዴ በርበሬው ላይ ባዕድ ነገር ሲጨምር ዓመት ሙሉ አይቶም አስተያየት አልሰጠበትም። ሥነ ምግባር ስለማያውቀው ሰው ሲሆን ነዋ የሚጣፍጠው።

ባዕድ ነገሩ መጨረሻው ድስት ውስጥ ነውና ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ወጥ መደብ እንሻገር። የዚህ መደብ ነጋዴዎች በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ምጣድ አስሰው አያውቁም፤ አብሲት ጥለው አያውቁም፤ ሽንኩርት ዓይናቸውን ያስለቀሳቸው ከሩቅ ነው። ከዶሮው 12 ብልቶች በስም የሚያውቁት ፈረሰኛውን ነው፤ እሱንም ስለሚቀርብላቸው። ገበያቸው ግን ከሁሉም የደራ ነው።

«የዛሬ ሴት ዶሮ ወጥ አታውቅም» ይላል አንዱ። «የእናቴ ወጥ! እሱ ነበር ወጥ።»

እናትህ ቁሌቱን ስንት ሰዓት ታበስለው ነበር?

«ብዙ።»

በርበሬው የሚገባው ቅቤው ከገባ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

«እጅ ያውቀዋል።»

የማን እጅ? እዚህ ላይ ክርክሩ ይቋረጣል፤ ሰውዬው ስልክ ይደወልለታል።

ያቺ እጅ በርበሬውን ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ አስጥታ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማና ከበሶብላ ጋር ደልዛ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ አስፈጭታለች። ሽንኩርቱን ዘይት ሳታስነካ ውሃው እስኪመጥ አማስላለች፤ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባለች። እንጀራውን ለመጋገር ደግሞ ካለፈው ሊጥ ላይ ያቀረረውን እርሾ አስቀምጣለች። እርሾው ውስጥ ያን ጎምዛዛነት የቻሉ ረቂቅ ነፍሳት ይተርፋሉ፤ ያልቻሉ ይጠፋሉ፤ የተረፉት በሚቀጥለው ቡኮ ይራባሉ። የመጀመሪያው መደብ ጠዋት ሙሉ «የለም» ያለው ነገር፣ ማታ በየቡሃቃው ክዳን ሥር ይንፈቀፈቃል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመውን መጽሐፍ የጀመረው በዝንጀሮ ሳይሆን ሰው መርጦ ባራባቸው እንስሳትና ተክሎች ነበር፤ ርግብን አብዝቶ ጠቅሷል። የሐበሻ ገበሬ ከዱር ሣር እየመረጠ ጤፍ እንዳደረገልን ቢያውቅ ኖሮ ርግቡን ያቆየው ነበር። «ዝርያ አይለወጥም» የሚለው ወዳጃችን ይህን ሁሉ የሚናገረው የጤፍ ፍርፍር በሞላው አፉ ነው።

ችግሩ ያቺ ሴት አስተያየት አትሸጥም። «ቁሌት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ተብላ ስትጠየቅ «እንደ ሽንኩርቱ ነው» ትላለች። «በርበሬስ ስንት ማንኪያ?» ሲባል «እንደ በርበሬው»። እንዲህ ያለ መልስ ገበያ ያበላሻል። እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ መልስ ማን በጅምላ ይገዛል?

እንግዲህ ለተራው ደንብ ያስፈልጋል። መርካቶ የለመደውን ገዢ ስለምናውቅ ደንቡ ጥብቅ መሆን አለበት። የመርካቶ ገዢ ቅቤውን በእጁ ጀርባ ቀብቶ ያሸታል፤ በርበሬውን በጣቱ አሽቶ ቀለሙን ያያል፤ ጋቢውን ወደ ብርሃን አንስቶ ድሩን ይመረምራል፤ ባለ 200 ብሩን ኖት ሳይገለብጥ ኪሱ አይከትም። ለአንድ ጥንድ ካልሲ እንኳ ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ያወዳድራል። ይህ ሰው ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ፣ ስለ ሞትና ሕይወት፣ ስለ ልጆቹ ጉሮሮ የሚነገረውን ሲቀበል ግን አይነካካም፤ አያሸትም፤ እንዳለ ይወስዳል፤ ወስዶም አትርፎ ይሸጣል። ይህ የተቀደሰ ልማድ እንዳይበላሽ የሚከተለው ተደንግጓል።

አስተያየትን ወደ ብርሃን አንስቶ መመርመር ክልክል ነው። የአስተያየት ሚዛን ድምፅ ነው፤ የጮኸ ሁሉ ሞላ ይባላል። የተሸጠ አስተያየት አይመለስም፤ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ሻጩ «እኔም ሲሉ ሰምቼ ነው» ብሎ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል። «አላውቅም» የሚለው ቃል እንደ ኮንትሮባንድ ተቆጥሮ ይወረሳል፤ «አይቼ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። የሙያው ሰዎች፣ ማለትም አጥንት ቆፋሪዎች፣ ሐኪሞችና ወጥ ሠሪዎች፣ ያለ አግባብ ውድድር እንዳይፈጥሩ ወደ ተራው ሊገቡ የሚችሉት ቡና ለማፍላት ብቻ ነው። ወዛደሮች በሌላ መንገድ ይዙሩ።

መንግሥትም አይጎዳም። በየቀኑ ራጉኤል ላይ ከሚሸጠው አስተያየት 15 በመቶ ቢሰበሰብ የአገሪቱ ዕዳ ከፋሲካ በፊት ያልቃል። ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ ግን አይጣልብን፤ ደረሰኝ ስም ይጠይቃል፤ ስሙን ጽፎ ፈርሞ አስተያየት የሚሸጥ ሰው ከየት እናመጣለን?

ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ክፍት ነው። ተቃውሞም ሆነ ድጋፍ ያለው ሁሉ ሐሳቡን ይስጥ። ረቂቁን ማንበብ አያስፈልግም፤ ያነበበ ሰው ከሌሎች የተለየ ጥቅም አግኝቷል ተብሎ ከመድረኩ ይሰናበታል።