ትርፍ ዕቃ

የአሮጌዋ ዲኤክስ ሞተር ወርዶ ፋሻው ተቀየረ፣ ቴስታታው ተላገ። ተገጥሞ ሲያልቅ ግን አንድ ፌስታል ዕቃ ተረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ትርፍ ነው፤ ጃፓኖች ለጌጥ የጨመሩት» አለኝ መካኒኩ።

ከጌጡ መሀል ፒሲቪ ቫልቭ አለች፤ አውራ ጣት የማታክል፣ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትነት መልሳ የምታስቃጥል። ሲወዘውዟት ቅጭል ቅጭል ማለት ነበረባት፤ ጥላሸት ዱዳ አድርጓታል። በአዲስ መቀየር ሲገባው ቀዳዳዋን በብሎን ደፈነው። ትነቱም መውጫ ሲያጣ ፓራኦሊዮውን ገፍቶ ዘይቱን ጓሮዬ ላይ ያንጠባጥባል። የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ኢጂአርንም «ጉልበት ይቀንሳል» ብሎ ከዘይት ጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮ ከድኖታል፤ ዳገት ላይ ስረግጣት አታሞ ትመታለች።

ለቦሎ ምርመራ ግን አታስብ ብሎኛል፤ ያቺኑ ፌስታል ለአንድ ቀን ያከራየኛል።