ማር ጠቋሚው ወፍና ንቦቹ

ተረት ተረት! የላም በረት!

በድሮ ዘመን ከነቀምት ወደ በደሌ ሲወረድ፣ ዴዴሳ ወንዝ ዳር ካለ ዋንዛ ላይ አንድ አሮጌ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ብሳናው ሳያብብ፣ ቡናውም አበባ ሳያወጣ ወራቱ አለፈ። ንቦቹ ተራቡ።

ይህን ያየ ማር ጠቋሚ ወፍ፣ ያ ሰውን ወደ ቀፎ እየመራ ከዘረፋው ሰም የሚደርሰው ወፍ፣ ቅርንጫፉ ላይ ጉብ አለና፦ «ልጆቼ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ከወንዙ ማዶ ማሩ ከቀፎ ሞልቶ የሚፈስበት አገር አለ። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። ጥቂት ሰም ብቻ ስጡኝ» አላቸው። እናቶች ለክረምት ያኖሩትን ሰም ከጣሪያው እየፋቁ ከፈሉ። ወጣቶቹ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተነሡ። እኩሌቶቹ ወንዙ ላይ ቀሩ፤ የተረፉት ከማዶው ቀፎ ደጃፍ ደረሱ።

የማዶው ሕግ «ጠረኑ የእኛ ያልሆነ አይግባ» ይላል። በር ላይ የቆመችው ዘበኛ ግን እንግዶቹ መንገድ ላይ የቀሰሙትን ወለላ አሸተተችና ገለል ብላ አሳለፈቻቸው። ከዚያ ወዲያ ውሃ ቀጂ፣ ሙቀት ሲበረታ በክንፍ አራጋቢ፣ የሌላውን ልጅ አሳዳጊ እነሱ ሆኑ።

ዘመኑ ዞረና በማዶም አበባ አነሰ። ሕጉ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። ዘበኞቹ እንግዶቹን በክንፋቸው እየጎተቱ ሲያወጡ፣ ክንፏ የተቀደደ አንዲት ንብ ወደ ንግሥቲቱ ዞራ፦ «እመቤቴ፣ አቤት!» አለች።

«ቀፎ በር ከሌለው የጉንዳን ሲሳይ ይሆናል። ሕጌን ትነቅፊያለሽ?» አለቻት ንግሥቲቱ።

«በር መጠበቁንስ አልነቅፍም፤ የእኛም ቀፎ ዘበኛ አለው። ግን ስታስገቡኝ ያሸተታችሁት ጭነቴን ነበር፤ ስታባርሩኝ ጠረኔን ሆነ። ልሂድ፤ የሠራሁበትን ግን ስጡኝ። ደግሞስ ያመጣንን ወፍ ማን ጠየቀው?»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ወፉ ሰሙን በምንቃሩ እንደያዘ ወደ ሌላ ቀፎ ይበር ነበር። የሚከተለው አልነበረም።

ንቢቱ ባዶ እጇን አገሯ ገባች። ሰሙ የተፋቀው ጣሪያ ያንጠባጥባል። ጎረቤቶቿም ገና አረፍ ሳትል፦ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሏት።

የተረቱ ቦታ ወለጋ ይሁን እንጂ ነገሩ የአገር ሁሉ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማፈስ ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሲቀጠሩ ፈቃድ ያልተጠየቁ፣ ሲባረሩ ግን የተጠየቁ ብዙ ናቸው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግረውን ወንጀለኛ ይለዋል።

እንግዲህ ሕግ ይከበር የምንል ሁሉ ከወፉ እንጀምር፤ ደመወዝ የበላውን አሠሪ እናስከትል፤ ተሰዳጁን ከመጨረሻ እንቁጠረው። ወላጅም ልጁን ለመላክ በሬውን ከመሸጡ በፊት ደላላውን፦ «ከዚህ በፊት ያሻገርካቸው የት ደረሱ?» ብሎ ይጠይቀው።