ጠመኔ የሚይዘው የትኛው ነው?

ወይ ጉድ! መምህርነት እንዲህ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ የሚመረጥ ነገር ሆኖ ቀረ? የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትምህርት ፋኩልቲ ደረሳት። «እሰይ፣ መምህርት ልትሆኚ ነው» ብዬ መረቅኋት። «አይ አባባ፣ ገና ዲፓርትመንት አልመረጥኩም» አለችና ትዘረዝርልኝ ጀመር፦ የትምህርት ዕቅድና አስተዳደር፣ ሥነ ልቦና፣ ልዩ ፍላጎት፣ የጎልማሶች ትምህርት፣ ቅድመ መደበኛ... ዝርዝሩ ሳያልቅ ቡናው ከአቦል በረካ ደረሰ። «እሺ፣ ጠመኔ የሚይዘው የትኛው ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ።

በእኛ ጊዜ ምርጫ ብሎ ነገር የለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም የሚላከው ለማስተማር ነው። ፎርም የሚሞላልህ ሱፐርቫይዘር የለም። ገምጋሚህ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ በዕድሜ የሚበልጥህ ጎረምሳ ነው። ካልገባው ዓይንህን እያየ ያዛጋል። ከዚህ በላይ ምን ግምገማ አለ?

ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረ የለም። በ1995 ዓ.ም. እጩ መምህር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤት እየሄደ ይለማመድ ተባለ። ደግ አሉ፣ እልል አልን። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ፤ ትምህርቱን ቴሌቪዥኑ ያዘው፣ ለመምህሩ ማብራትና ማጥፋት ቀረለት። እጩው ሄዶ ምን ሊለማመድ? ቀጥሎ ደግሞ መጀመሪያ በፊዚክሱም በታሪኩም ዲግሪህን ያዝ፣ ማስተማሩን በኋላ በዲፕሎማ ትማረዋለህ የሚል መጣ።

አሁን ማይክሮ ቲቺንግ የሚሉት፣ እጩዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያስተማምሩበት ልምምድ አለ። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ የአራተኛ ክፍል ሕፃን መስሎ ተቀምጦ ጣቱን ያወጣል። ጢሙ ተላጭቷል፣ መልሱን ቀድሞ ያውቃል። «ቲቸር፣ መታኝ» የሚል የለም፣ እስክሪብቶ የጠፋበት የለም፣ ሽንቴ መጣ የሚል የለም። እንዲህ ያለ ክፍል እኔም ለቅሶ ቤት ሆኜ አስተምራለሁ!

እጩዋ መምህርት እውነተኛው ትምህርት ቤት ስትላክማ የባሰ ነው። የክፍሉ መምህር ሰው አገኘሁ ብሎ ክፍለ ጊዜውን ለእሷ ጥሎ ሻይ ቤት ይወርዳል። ሱፐርቫይዘሩ ብቅ ብሎ ፎርሙ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። እሷ ማታ «ሪፍሌክሽን» ትጽፋለች፤ ምን ተሰማሽ ለሚለው መልስ መሆኑ ነው። እኔን ጡረታ እስክወጣ ምን ተሰማህ ያለኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም የሚሰማኝ የጉሮሮ ሕመም ነበር።

በዲፓርትመንቱ ብዛት አልከራከርም፤ ማየት ወይም መስማት ለተሳነው ልጅ ሙያውን የተማረ ሰው ያስፈልገዋል። ግን እባካችሁ፣ የትምህርት ኮሌጅ ኃላፊዎች፦ ልጆቹን ከመስከረም እስከ ሰኔ እውነተኛ ክፍል ውስጥ አቆዩልን። ለሚያሠለጥናቸው የክፍል መምህርም ክፈሉት፤ ያኔ ሻይ ቤት አይወርድም። ፎርሙ ካሳሰባችሁ ለእኔ ላኩልኝ፣ እሞላላችኋለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራ የለኝም።