ወደ ወንጪ የመሄድ ዕቅድ፦ በደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ጥናት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ፋብሪካው ለምን እዚያ እንደ ተተከለ ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው አይጠይቅም። የከተማዋ ሰው ግን ዕረፍት ሲያምረው ቆላ አይወርድም፤ ጋቢውን እንደ ለበሰ፣ ጠርዙ ከ3,000 ሜትር ወደሚያልፈው ወንጪ ሐይቅ ለመሄድ ያቅዳል። ጥናታችን የሚመለከተው ዕቅዱን ነው። ጉዞውን ለማጥናት ተጓዥ ያስፈልግ ነበር።

ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሒሳቡን እንሥራ። ገደል እንደሆነ አንኮበር ሞልቷል። ጉም ጣርማ በር አለ፤ ጭላዳ ጓሳ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በየኮረብታው ነው። የጎደለን ውኃው ብቻ ነው። ለዚህ ውኃ ሲባል አዲስ አበባን አቋርጦ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይታቀዳል፤ ከዐቃጆቹ መካከል ዋና የሚችል ግን የለም።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። አንዱ “ለምን ሐይቅ እስጢፋኖስ አንሄድም?” ብሎ ጉባኤውን ለሁለት ይከፍላል። የኮንትራት ሚኒባስ ዋጋ ሲነገር ግሩፑ ጭር ይላል። ከዚያ አንድ ሰው “መንገዱ ሰላም ነው ወይ?” ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚመልስ ኮሚቴ የለም።

ከባዱ ግን ቀን መቁረጥ ነው። መስከረም ጭቃው አልደረቀም። ጥቅምት ኪስ ከልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ገና አላገገመም። ኅዳር አጋማሽ የነቢያት ጾም ይገባል፤ በጾም ሐይቅ ማየት ባይከለከልም፣ የመንዝ በግ ያልታረደበት ጉዞ ጉዞ እንዳልሆነ ሁሉም ይስማማል። ጥር የሠርግ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ወቅቱ ለጉዞ እጅግ የተመቸ ነው፤ ለሠርግና ለተዝካርም እንደዚያው። ቀጥሎ ክረምት ነው። ፈልገን ፈልገን አንድ ነጻ ቅዳሜ አግኝተን ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ልቅሶ ሄዷል።

በንጽጽር፣ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው መሐንዲስ የተራራ ሐይቅ ከማይቸግራት ስዊዘርላንድ ተነሥቶ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር፣ ምኒልክ ዘንድ ደርሷል። ኢልግ ኮሚቴ አልነበረውም። ሐይቅ ከሞላበት አገር ሐይቅ ወደሌለበት አንኮበር ይህን ያህል የተጓዘ ሰው መኖሩ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቀን ነበር፤ አጀንዳው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

መዋጮ ከፍላችሁ፣ ጉዞው ቀርቶ፣ ገንዘባችሁ ተመልሶላችሁ የምታውቁ አንባብያን ካላችሁ እባካችሁ ብቅ በሉ። ለጥናቱ ቀጣይ ክፍል በጥብቅ እንፈልጋችኋለን።