ስለ ጥለት ምርመራ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

በጥምቀት፣ በመልስና በክርስትና የሚካሄደው የሐበሻ ቀሚስ ውድድር መኖሩን የሚክዱ አሉ። ምዝገባ የለውም፣ ዋንጫ የለውም፣ አሸናፊም በድምፅ ማጉያ አይጠራም ይላሉ። ይህ ግን የውድድሩን ብስለት እንጂ አለመኖሩን አያስረዳም። ተወዳዳሪዋ ከሽሮ ሜዳ ልብሱን ይዛ ስትወጣ ተመዝግባለች፤ ዳኛው ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነው፣ ቢያንስ ሴቱ። የሕግ መሠረቱም ጽኑ ነው፦ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ። እንዲህ ጥርት ያለ ድንጋጌ በሌላ የሕግ ክፍል አላገኘሁም፤ ቅጣቱ ሳይቀር አብሮ ተቀምጧል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ጃንሜዳ ላይ እልል እያለ ወደ ጎን የሚሠራው ዓይን ግን የራሱ መዝገብ ይገባዋል።

የሌላውን ዓለም ልምድ ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ በኬንታኪ ግዛት ፓዱካ የምትባል ከተማ አለች። በየዓመቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥመው የተሰፉ የአልጋ ልብሶች ተሰቅለው የሚወዳደሩባት ናት፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ሙያ የቆመ ሙዚየምም አላት። እዚያ ተመልካች ልብሱን መንካት ክልክል ነው፤ የሰው እጅ ላብና ቅባት አለውና። የስፌቱን ጀርባ ማየት የፈለገ ሰው ነጭ ጓንት ያጠለቀች በጎ ፈቃደኛ ይጠይቃል፣ እሷም ጫፉን ገለጥ አድርጋ ታሳየዋለች። ሥርዓቱ የሚያስመሰግን ነው። የሙያ ብቃትን በተመለከተ ግን እኛ ዘንድ ካለው ጋር አይወዳደርም። የፓዱካው ልብስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የእኛዋ መርማሪ ሥራዋን የምትሠራው ልብሱ እየተራመደ፣ እስክስታ እየወረደና ዶሮ ወጥ እየበላ ነው። ያለ ጓንት። ያለ ፈቃድ።

መርማሪዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ፦ የሩቅ፣ የጎን እና የቅርብ። የሩቋ ከበሩ እስከ ወንበሯ ድረስ ባለው መንገድ ድንኳኑን በሙሉ ጨርሳ ትቀመጣለች። የጎኗ ከአጠገቧ ካለችው ጋር በክንድ ጉሸማ ትነጋገራለች። ስለ ሁለቱ ይህ ይበቃል። ወንዶች በጥናቱ አልተካተቱም። በእርግጥ ሸማኔዎቹ በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው ነገሩን ያወሳስበዋል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። የተቀሩት ግን ሦስት ጥምቀት ያከበረ ቀሚስ አይተው “አዲስ ነው እንዴ?” የሚሉ ስለሆኑ መረጃቸው ለሳይንስ አይሆንም።

የቅርቧ መርማሪ ግን ሰፊ ትንታኔ ትፈልጋለች። ይህች ሴት የምትሠራው በሰላምታ ሽፋን ነው። በመጀመሪያው መሳም ዓይኗ ከተሳሚዋ ትከሻ ላይ ይወርድና የነጠላውን ጥለት ስፋት ይለካል። በሁለተኛው መሳም ግራ እጇ፣ ከእሷ ጋር የማይተዋወቅ ይመስል፣ የነጠላውን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይይዛል። በሦስተኛው ያሻል። በማሸት ብቻ ክሩ ሳባ ይሁን የእጅ ፈትል፣ ማጉ ጠበቅ ያለ ይሁን የሳሳ፣ ልብሱ በስንት ውኃ እንዳለፈ ታውቃለች። ውጤቱ ካላረካት አራተኛ መሳም ትጨምራለች። አራተኛ የጨመረችላችሁ ሰው ናፍቃችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ጫፉን ለመገልበጥ ጊዜ አጥሯት ነው።

ጀርባ አይዋሽም። በማሽን የታተመ ጥለት ከኋላው ደብዝዞ ይገኛል፤ ጥልፍ ከሆነ ቋጠሮው ይናገራል፤ ከድሩ ጋር አብሮ የተሸመነ ከሆነ ግን ከኋላም ጥለት ነው። ገልባጯ ይህን ሁሉ በአንድ የእጅ አንጓ መታጠፍ ትጨርሳለች። ከእሷ ሥር አንዲት አደገኛ ንዑስ ዝርያ አለች፤ ጎታቿ። “ውይ፣ ክር ወጥቶብሻል” ብላ የምትመዘው ክር ሌላውን ይስባል፣ ያ ደግሞ ሌላውን፤ የጥለቱ መስቀል ክንዱን አጥፎ እስኪቀር ድረስ ትረዳችኋለች። እናቴ ጎታች ከሩቅ ስታይ ነጠላዋን ሰብስባ ትቀመጣለች፤ ትክክል ነች።

ብይኑ በግልጽ አይነገርም። “በጣም ያምራል”፣ “ጣ” ላይ ረዘም ብሎ ከተባለ፣ የታተመ መሆኑ ታውቋል ማለት ነው። “አይ፣ ቀለል ያለ ነው፣ ለሙቀት ጥሩ ነው” የሚለው ይግባኝ የለውም። “የአምናው ነው አይደል?” ወንጀል ሲሆን በሕግ አለመከልከሉ ይገርመኛል። አየር ወደ ውስጥ ስባ ዝም ካለች አድንቃለች። “ከላይሽ ይለቅ” ካለችና እጇን ወዲያው ከለቀቀች ልብሱ አልፏል። “ስንት ሆነ?” ከተባለ ግን አሸንፋችኋል።

ተመርማሪዋ ምንም ቢሆን አንድ መልስ ነው ያላት፦ “ኧረ አሮጌ እኮ ነው!” ይህን የምትለው ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሰፊው ቤት ያወጣችው፣ እጥፋቱ ገና ያልተለቀቀ ቀሚስ ለብሳ ነው። ዋጋውም እንደ ጠያቂዋ ይለያያል። ለባሏ እህት ይቀንሳል፣ ለጎረቤት ይጨምራል፣ ለባሏ አይነገርም። በጣም ከተጨነቀች “ስጦታ ነው” ትላለች፤ ስጦታ ዋጋ የለውም።

ከዋጋው ይልቅ የሚደበቀው የሸማኔው ማንነት ነው። “እታለም፣ ሸማኔሽን አሳይኝ እንጂ” ሲባል “ምን ችግር አለው፣ ስልኩን እልክልሻለሁ” ይባላል። አይላክም። ደግማ ብትጠይቅ ሸማኔው አገር ቤት ሄዷል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቅ ታሟል። ይህን ያህል የሚታመምና ይህን ያህል አገር ቤት የሚመላለስ ሠራተኛ በሌላ ሙያ ውስጥ የለም፤ ቀሚሱ ግን በየፋሲካው በሰዓቱ ይደርሳል።

በቅርቡ ምርመራው ወደ ስልክ ተሻግሯል። ዋሽንግተን በተደገሰ መልስ ላይ የተነሳ ፎቶ ገና ኬኩ ሳይቆረስ አዲስ አበባ ይደርሳል። አክስቴ ፎቶውን በሁለት ጣት ታሰፋለች፤ መጀመሪያ ሙሽራው ከስክሪኑ ይወጣል፣ ቀጥሎ የሙሽራዋ ፊት፣ በመጨረሻ የቀሚሱ ዘርፍ ብቻ ይቀራል። “ደስ ይላሉ፣ አይደል?” አልኳት። “ጥለቱ ጎንና ጎኑ አልገጠመም” አለች።

ለቅሶ ቤትስ? ለቅሶ ቤት ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ከታች ወደ አንገት ይወጣል፣ ለአንባቢ ይመቻል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ሟች ይከበር።

ከዚህ ቀጥሎ የጋቢ፣ የቡልኮና የኩታ መርማሪዎች ምድብ ሊመጣ ነበር፤ ሠንጠረዡንም ጀምሬው ነበር። ይቅር፤ ጋቢን ማን ይገለብጣል፣ አራት ድርብ ነው። ስለ ወንዶቹ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሻላል። ሸማኔው ሽሮ ሜዳ አካባቢ እግሩን ከመሬቱ ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ይቀመጣል፤ ብዙዎቹ ሥራውን ከአባታቸው የተማሩ የጋሞ ደጋ ልጆች ናቸው። ፊቱ የተዘረጋ ንድፍ የለም። ከድሩ ስንቱን ክር አንስቶ ስንቱን እንደሚዘል በቃሉ ይዞታል፤ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ልኮ፣ በእግሩ ረግጦ፣ መትቶ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ክር ቢስት የመስቀሉ ክንድ ይንጋደዳል፤ ስለዚህ አይስትም። አንዴ አጠገቡ ቆሜ ሳየው ሳላስበው ጫፉን ያዝ አድርጌ ገለበጥኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። “ከኋላም ያው ነው” አለኝ፣ መቁጠሩን ሳያቋርጥ።

ያው ነበር። የማን ሸማኔ ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ ምን ችግር አለው፣ ስልኩን እልክላችኋለሁ። አሁን ግን አገር ቤት ሄዷል።