«ነባር ነኝ» ላልከው

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ደላላ አለ። አዲስ ተከራይ ዕቃ ሲያወርድ ባየ ቁጥር ስኒውን እንደያዘ ብድግ ይልና «እኔ እዚህ ስገባ አስፋልቱም አልነበረም» ይላል። ሰሞኑን ለእኔም ደገማት። «አስፋልቱ ቀርቶ መሬቱም ሳይረጋ ነው የገባኸው መሰለኝ፤ ያኔ ከሰማይ ሲወርድ የነበረው ድንጋይ ፊትህ ላይ ምልክቱን ትቷል» ብለው ጀበናውን የከበበው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን የዋዛ አይደለም።

«ሳይረጋ ስትል፣ አንተ ነበርክ?»

አልነበርኩም። ማንም አልነበረም፤ ነገሩ እኮ እሱ ነው። የዛሬ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ ፀሐይ ከጋዝና ከአቧራ ደመና ስትወለድ ትርፍራፊው ዙሪያዋን ይዞር ነበር። አቧራው ካቧራ ተጣበቀ፣ ጠጠሩ ከጠጠር፣ በኋላማ አገር የሚያህል ቋጥኝ አገር ከሚያህል ቋጥኝ ጋር እየተላተመ ምድር ተጠፈጠፈች። «መጀመሪያ ቦታውን የያዘው ማን ነው?» ካልክ አቧራ ነው። እሱም ቢሆን ከሞቱ ከዋክብት ተርፎ የመጣ እንግዳ ነው።

«እሺ፣ ካርታዋን አሳየኛ!»

ደላላ ሌላ ምን ይላል? ካርታዋንማ ራሷ በልታዋለች። የመጀመሪያው ቅርፊቷ ሰምጦ፣ ቀልጦ፣ ተፈጭቶ አልቋል። ካናዳ ውስጥ ያለው የአካስታ ዐለት እንኳ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ግማሽ ቢሊዮን ዓመት ዐለት የሚባል ሰነድ የለውም ማለት ይቻላል። የተረፈው ብጣሽ ዚርኮን የሚባል ማዕድን ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጃክ ሂልስ ላይ የተገኘች አንዲት ቅንጣት ከአሸዋ ፍሬ አትበልጥም፤ ዕድሜዋ ግን 4.4 ቢሊዮን ዓመት ነው። እንዴት ታወቀ? ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን ደጅ ያስቀራል። ስለዚህ ዛሬ ውስጧ የሚገኘው እርሳስ ዩራኒየሙ እየፈረሰ የወለደው ነው፤ ሁለቱን አነጻጽሮ ዕድሜዋን ማውጣት ነው። እንዳንተ በአፏ አትመሰክርም።

ጥግ ይዘው የተቀመጡ አባት ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ በባሕረ ሐሳብ እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ነው። ቢሊዮኑን ከየት አመጣኸው?»

እሳቸውን አልተርብም። «አባባ፣ እርስዎ በዚህ ቁጥር ፋሲካን አንድ ቀን ሳያዛንፉ ያወጣሉ» አልኳቸው። «የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ግን በፈረንጅ 1650 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ በፊት በ4004፣ ኦክቶበር 23 ነው ብሎ ቀኑን ሳይቀር ቆረጠ። ከእናንተ ወደ 1500 ዓመት አጉድሏል።» እሳቸው ፈገግ አሉ። ተረብ የሚገባው በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ ነው። የቀለጠች ምድር እስክትበርድ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል ብሎ በ1862 አሰላና «ከ20 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት» አለ። ደላላው ሳይቀር «እንዲህ ያለ ዋጋ እኔም አልጠራም!» አለ።

ቁርጡን የነገረን ክሌር ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። የምድር ሰነድ ከጠፋ አብሯት የተወለደውን እንጠይቅ ብሎ አሪዞና ላይ የወደቀውን የካንየን ዲያብሎ ሜትዮራይት ያዘ። ውስጡ ያለውን እርሳስ ሊለካ ሲነሳ እርሳስ የሌለበት ቦታ ጠፋ፤ አየሩ ላይ፣ አቧራው ላይ፣ የሰው ፀጉር ላይ። ወለል ሲፈትግ፣ ዕቃ በአሲድ ሲያጥብ ዓመታት አለፉና በ1956 መልሱን አሳተመ፤ 4.55 ቢሊዮን፣ ቢበዛም ቢያንስም በ70 ሚሊዮን። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ያን ሁሉ እርሳስ ማን በተነው ብሎ ሲከታተል ዋናው ጥፋተኛ የመኪና ቤንዚን ሆኖ አገኘውና ዕድሜውን ከኢንዱስትሪው ጋር ሲሟገት ኖረ።

«ጨረቃስ? እሷ እንኳ ነባር ናት» አለ ደላላው፣ ወሬው እንዳያመልጠው።

እሷማ የግጭት ፍርስራሽ ናት። ማርስን የምታህል፣ ቴያ የሚሏት አካል ገና በጨቅላነቷ ምድርን ስትገጫት የተፈናጠረው ተሰብስቦ ነው ጨረቃ የሆነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ይህንን ነው። አሁንም እየለቀቀች ነው። በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች፤ ጠፈርተኞች ላይዋ ትተውት በመጡት መስታወት ላይ የሌዘር ጨረር እየላኩ ይለኩታል።

ጣቱን ቀሰረብኝ። «ይሄ ቀለበት ግን የሻኪሶ ወርቅ ነው። ያገር ልጅ!»

ወዳጄ፣ ምድር ቀልጣ ሳለች ብረቱ ወደ መሃሏ ሲሰምጥ ወርቁን ጠራርጎ ይዞት ወርዷል። አሁን የምንቆፍረው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የዘነበ የሰማይ ድንጋይ ያመጣው ነው ይላሉ። ጣትህ ላይ ያለው ራሱ ዘግይቶ የገባ ተከራይ ነው።

በዚህ አልሆን ሲለው ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲሱን ተከራይ ጠራና «ሰፈሩ አየሩ ንጹሕ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ!» አለው።

ይቺን አላሳልፍም። ምድር የዕድሜዋን ግማሽ ለሚጠጋ ጊዜ አየሯ ውስጥ ኦክስጅን አልነበረም ማለት ይቻላል። ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ደቂቅ ነፍሳት በፀሐይ ብርሃንና በውሃ መኖር ሲጀምሩ ኦክስጅንን እንደ ጥራጊ ይጥሉት ጀመር። መጀመሪያ ባሕሩ ውስጥ የሟሟው ብረት እየዛገ ዋጠው፤ የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተርፎ ወደ አየር ወጣ። ለዚያን ጊዜ ነዋሪዎች መርዝ ነበር። ያለቀው አለቀ፣ የቀረው ኦክስጅን ወደማይደርስበት ሸሸ።

«የት ሄደ?»

«ረግረግ ጭቃ ውስጥ፣ የላም ጨጓራ ውስጥ፣ ያንተም አንጀት ውስጥ። ሂድና እነሱን ነባር ነኝ በላቸው!»

ሆዱን ይዞ ትንሽ አሰበ።

«እዚህ ገብተው ከሆነ» አለ፣ «ኮሚሽኔን ማን ከፈለኝ?»