ጎጃም የሚጭነውና ጎጃም የሚበላው

ጎጃም በሦስት ወገን በዓባይ ታጥሮ፣ በሰሜን ጣናን ተንተርሶ የተቀመጠ አገር ነው። ክፍለ ሀገር መባሉ ቀርቶ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ አዊ እየተባለ በዞን ከተሸነሸነ፣ መተከልም ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሄደ ቆይቷል፤ ሆድ ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅምና ስለ ምግብ ሲወራ ደፈን አድርጎ ጎጃም ቢባል የሚቀየም የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ገብስ፣ ድንች፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ በየተራ ያያል። ያየው ሁሉ ግን ገበታ ላይ አይመጣለትም። በዚህ አገር የሚመረተውና የሚበላው ለየቅል ነው።

ለዚህ ዋናው ምስክር ጤፍ ነው። የአንዲት የስንዴ ፍሬን ክብደት ለማሟላት 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ደርዘን ሥራ የሚጠይቀውም ይኸው ደቃቅ እህል ነው። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ እንዲጠቀጠቅ በከብት ይረገጣል፣ ዘሩ በእጅ ይበተናል፣ አረሙ ጎንበስ ተብሎ ይለቀማል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ አውድማ ላይ በበሬ ከተወቃ በኋላ ደግሞ ነፋስ እስኪመጣ ይጠበቃል። ነፋሱም እንደ ባለሥልጣን ነው፤ ሲፈለግ የለም፣ ሲመጣ ምርቱን ከገለባው ጋር ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ማኛ በጆንያ ተሞልቶ፣ ደጀን ላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያም በሕይወቱ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ ሰው እንጀራውን ገልበጥ አድርጎ እያየ፣ “ይሄ እንኳ ማኛ አይመስለኝም” ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ነጭ የጤፍ ዝርያ ምርቱን ከፍ አድርጎታል፤ ከተሜው ለንጣት ያለውን ፍቅር ግን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ገበሬውስ? ማኛውን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን ይከፍላል፣ ለልጆቹ ልብስ ይገዛል፣ እሱ ዳጉሳ ይበላል። በተለይ በአዊና በምዕራብ ጎጃም የዳጉሳ እንጀራ፣ ብቻውንም ይሁን ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ተቀላቅሎ፣ የዘወትር እንጀራ ነው። መልኩ ጠየም ያለ ስለሆነ የክብር እንግዳ ሲመጣ ሞሰብ ውስጥ ወደ ታች ይገባል፣ ነጩ ከላይ ይነጠፋል። ጠባዩ ግን ከነጩ ይልቅ የታመነ ነው፤ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ቢቆይ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። በካልሲየም መበልጸጉ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ ዕድሉ ተለውጧል፤ የድሃ እህል ተብሎ ሲናቅ የኖረው ዳጉሳ ዛሬ በከተማ ሱቅ አሽጎ ለሚሸጥለት ሰው ጥሩ ገቢ ነው። እህል በሐኪም አንደበት ሲጠራ ይከብራል።

ከዳጉሳ የሚገኘው ሌላው ምርት ደግሞ ሐኪም የማያዝዘው ነው። ብቅሉና ጌሾው ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ እየቀዘቀዘ ሲንጠባጠብ አረቄ ይሆናል። የወጣው እንደገና ከተጣራ ዳግም ይባላል። ዳግምን የሚያደንቁ ሰዎች አድናቆታቸውን ማግሥቱን በዝርዝር ማስታወስ አይሆንላቸውም።

አረቄ ካለ ግብጦ አለ። ጎጃምን ከሌላው አገር የሚለየው እህል ይመረጥ ቢባል ማኛው ሳይሆን ይኸው ጥራጥሬ ነው። ግብጦ በደከመ መሬት፣ በጥቂት እርሻ፣ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፤ እንዲያውም መሬቱን ናይትሮጅን ያበላዋል። ጥሬው እጅግ መራራ ስለሆነ ከብት ይሸሸዋል፤ አጥር የማያስፈልገው፣ ዘበኛነቱን ለራሱ የያዘ እህል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰው ሊበላው ሲያስብ ነው። መራራነቱ ከመርዛማ ንጥረ ነገር የመጣ ስለሆነ ፍሬው ይቆላል ወይም ይቀቀላል፣ በጆንያ ይታሰራል፣ ከዚያ ለቀናት ወራጅ ወንዝ ውስጥ ይነከራል። መርዙ በውሃ ሟሚ ነውና ወንዙ ቀስ እያለ ይዞት ይሄዳል። ከወንዝ የወጣው ግብጦ ጨው ነካ ተደርጎ፣ በሁለት ጣት ቅርፊቱ እየተፈለቀቀ፣ ከመለኪያ አረቄ ጎን ይበላል። ቅርፊቱን በፍጥነት መፈልቀቅ በአረቄ ቤት እንደ ሙያ ይቆጠራል፤ ባለሙያው የሌላውን ድርሻ ጨርሶ ነው የሚነሳው።

ጓያ ግን እንዲህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ሌላው እህል ዝናብ አጥቶ ሲጠወልግ እሱ ይቋቋማል፤ ሽሮውም ይጣፍጣል። ሆኖም በድርቅ ዘመን ለወራት ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት የተበላ እንደሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱ የሚበረታውም በወጣት ወንዶች ላይ ነው፤ አንዴ ከደረሰ አይመለስም። ጓያ ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ሲቀላቀልና ውሃው ተቀይሮ ሲዘፈዘፍ አደጋው ይቀንሳል፤ ጥንቁቅ ባልትና ያላት እናት ይህን ከቤተ ሙከራ ቀድማ ታውቀዋለች።

ጾም በዓመት ከ180 ቀን በማያንስበት አገር የቅባት እህል ቀላል ነገር አይደለም። ጎጃም ኑግ አለው፤ መስከረም ላይ ማሳውን ቢጫ የሚያደርገው አበባ ለንብ ቀለብ ይሆናል፣ ፍሬው ዘይት ይወጣዋል ወይም ተቆልቶና ተወቅጦ ወጥ ውስጥ ይገባል። ከባቄላና ከሱፍ የሚጣለው ስልጆም የጾሙን ገበታ ያነቃዋል። የፍስኩ ወገን ደግሞ መታታ አይብ አለው። ይህ ቅመም ተደርጎበት፣ ተዘግቶ፣ ለሳምንታት እንዲብላላ የሚተው አይብ ነው፤ ለወራት ይቆያል። ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ እንግዳ ይቀበላል። የቀመሰው ሰው ሁለተኛ ጉርሻ ይጠይቃል፣ ወይም ፈጽሞ አይጠይቅም፤ መሐል ሰፋሪ የለውም።

ስለ ድንች ብዙ ማለት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል፤ ዛሬ የሰከላና የአዊ ሰው ድንቹ ከአባቶቹ ጋር አብሮ የተፈጠረ ያህል ይከራከርለታል። የቡሬ በርበሬም ወጡን ሳይሆን በላተኛውን ያቀላል። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ስንዴ ከማብቀሉም በላይ አቮካዶ የሚባል እንግዳ አስለምዷል።

በጣና ዳር ነገሩ ሌላ ነው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣል። ዘጌ ላይ ደግሞ ማረስም ከብት ማርባትም በባህል የተከለከለ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ስላበቀሉ፣ የዘጌ ሰው ያለ ሞፈርና ያለ በሬ እንዲኖር ቃል ተገብቶለታል። ቀሪው ጎጃም ጤፍ ለመዝራት አምስት ጊዜ ሲያርስ የዘጌ ሰው ጥላ ሥር ቡና ይለቅማል። ቅንዓት ኃጢአት ባይሆን ኖሮ ደጀኖች የሚሉት ነገር በኖራቸው ነበር።

የዚህን ሁሉ ጣዕም አጣርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው የቆሎ ተማሪ ነው። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የቅኔ አገሮች፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። በአንድ አኩፋዳ ውስጥ የጤፍ ቁራሽ፣ የዳጉሳ ቁራሽ፣ የገብስ ቂጣና ቆሎ ይገናኛሉ። የትኛው ቀበሌ ምን እንደሚዘራ፣ የትኛዋ እመቤት ሽሮዋን እንደምታሳምር፣ የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ ከግብርና ቢሮ በተሻለ ያውቃል። ማኛ የሚባለውም ነጭ ቁራሽ በአኩፋዳው ውስጥ ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን መስካሪው እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ነጭ እንጀራውን ለአዲስ አበባ ይተወው፤ እዚያ ሞልቷል። ሞሰቡን ከፍቶ ከታች ያለውን ዳጉሳ ይጠይቅ፣ መታታ አይቡን በትንሹ ይጀምር። ግብጦ ሲገዛም ከዋጋው በፊት ስንት ቀን ወንዝ ውስጥ እንደቆየ ይጠይቅ፤ ካልመለሱለት አይግዛ።